ከጊታሮቹ መሀል የተሰማ ትንፋሽ

ካሴቱን ያመጡት ሽማግሌ ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የሰቃ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ እኔ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ቴፕና ራዲዮ እጠግን፣ ካሴትም እቀዳ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ቴፕ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መልሼ ለመግጠም እየታገልኩ ለመድኩት። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ከቴፕ ጋር ከሚመጡ መመሪያዎች፣ ከራዲዮና ሽፋኑ ከጠፋ አንድ መዝገበ ቃላት ለቃቀምኩት። ብዙ አላወራም። ጋሼ የምላቸው ባለሱቁ ለደንበኛ ሲያስተዋውቁኝ "እሱ የሚያወራው ከተበላሸ ዕቃ ጋር ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

ሽማግሌው መሀረባቸውን ፈትተው ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"ልጄ ነው የላከው" አሉ። "ቃሉ እዚህ ውስጥ ነው። ቤቴ ያለው ቴፕ ግን ይጮኻል እንጂ አያወራም። ታሞ ይሆን ብዬ ነው።"

"ቴፑን አመጡት?"

"ከባድ ነው፤ ካሴቱን ይዤ መጣሁ። ይሄ ጤነኛ ከሆነ ቴፑ ነው የታመመው ማለት ነው።"

አባባላቸው ትክክል ነበር። ካሴቱን ወደ ማጫወቻዬ ከተትኩት።

የወጣውን ድምፅ እንዴት እንደምገልጸው እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። መጀመሪያ ካሴቱን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ የላላ መሰለኝ፤ ድምፁ ከፍ ይልና እንደገና ወደ ታች ይንሸራተታል። ብዙ ጊታር አንድ ላይ ይወርዳል፣ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ማቋረጥ። ቦታውን የሚያውቅ ከበሮው ብቻ ነው። ከሁሉም በታች ደግሞ ከግድግዳ ማዶ የሚያንጎራጉር ሰው የመሰለ ድምፅ አለ። ቴፑን ለማረጋገጥ ሌላ ካሴት አስገባሁ፤ የዚያኛው ዘፋኝ ጥርት ብሎ ዘፈነ። የፊተኛውን መለስኩት። ያው ነው።

"ማል ጄዳ?" አሉኝ ሽማግሌው፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው።

"ዘፈን ነው አባባ። የእንግሊዞች ዘፈን።"

"ልጄ ዘፋኝ አይደለም። ኢንጂነር ሊሆን ነው የሄደው።"

ከዚያ በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡና ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። ልጃቸው መንግሥት ልኮት ምሥራቅ ጀርመን ይማራል። ሁለቱ ጀርመኖች ሊቀላቀሉ ነው የሚባልበት ጊዜ ስለነበር፣ ራዲዮ በተከፈተ ቁጥር ልጃቸው የትኛው ላይ እንደሚቀር ይጠይቃሉ። ከመሄዱ በፊት ሸቤ ወዳለ አንድ ቤት ሽማግሌ ተልኮ የቤቱ ልጅ ተጠይቃለታለች፤ ቤተሰቦቿም አልከለከሉም። አሁን ሁለቱ ወገኖች ኒካሁ እሱ በሌለበት እንዲታሰር ተስማምተዋል። ለዚያ ግን ልጁ አባቱን ወኪል ማድረጉን መናገር አለበት። ደብዳቤ ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ ሽማግሌውም አያነቡም። ስለዚህ "ወክዬሃለሁ ብለህ በራስህ ድምፅ በካሴት ላክልኝ" ብለው አስጻፉለት። ካሴቱም ይኸው መጣ።

"ልጅቷስ?" አልኩ።

"እዚሁ ጅማ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የመምህራን ማሠልጠኛ ደርሷታል፤ ምዝገባው ቀርቧል። ኒካሁ ከታሰረ እኔ ቤት ትገባና ልጄ እስኪመለስ ከእናቱ ጋር ትቀመጣለች። ካልታሰረ ትሄዳለች። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን የምንጠብቀው ይሄን ነው።"

በጣታቸው ካሴቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት።

ቃልን በካሴት መላላክ በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ያነባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ካሴት ግን በር ዘግቶ መስማት ይቻላል። ወደ ጂዳ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጦር ግንባር የሚላኩ ብዙ ቀድቻለሁ። እናቶች ቴፑ ፊት ሲቀመጡ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። "ደህና ነህ ወይ?" ብለው ይጠይቁና ዝም ይላሉ። በእጄ ቀጥሉ የሚል ምልክት ስሰጣቸው "ይመልስ እንጂ" ይሉኛል። ስለዚህ እነዚያ ካሴቶች በዝምታ የተሞሉ ናቸው። ባዶ ካሴት ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ዘፈን ባለበት ካሴት ላይ ይናገራሉ። ከፋብሪካ ተዘፍኖበት የመጣ ካሴት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው ስለሚመጡ በላዩ አይቀዳም፤ ቀዳዳዎቹ በወረቀት ሲጠቀጠቁ ግን ቴፑ ይታለልና ይቀዳል።

የሽማግሌውን ካሴት ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ሁለቱም ቀዳዳዎች በታጠፈ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅጥቀዋል።

"ሊናገርበት አስቦ ነበር" አልኳቸው። "አዘጋጅቶታል።"

"ታዲያ ቃሉ አለ ማለት ነው። ፈልግልኝ፣ ኢልማ ኮ፣ የእኔ ልጅ። በሚመጣው የሸቤ ገበያ ቀን እንሰበሰባለን፤ አንተም ቴፕህን ይዘህ ትመጣለህ።"

እሺ ሳልል መሀረባቸውን አጣጥፈው ወጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሁሉን ይሰሙ የነበሩት ጋሼ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ሚዜ ሆንክ በለኛ" አሉ።

በካሴቱ ልባስ ላይ የሰው ፊት የለም። ያለው ብዥ ያለ ፎቶ ነው፤ ውሃ ይሁን ጨርቅ አይለይም። ውስጡ የዘፈኖቹ ርዕስና የየአንዳንዳቸው ርዝመት ታትሟል። ከሥር በደቃቁ፣ ይህ የባንዱ የመጀመሪያ አልበም መሆኑን ይናገራል። ይሄ ነው ይበልጥ ግራ ያጋባኝ። እኛ ጋ የመጀመሪያ ካሴቱን የሚያወጣ ዘፋኝ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ፎቶውን ፊት ለፊት ተነሥቶ፣ ድምፁን ከሙዚቃው ሁሉ በላይ አስወጥቶ ነው የሚመጣው። ሰው ሲተዋወቅ ስሙን ጮክ ብሎ ይናገራል። እነዚህ እንግሊዞች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰው ሲወጡ ፊታቸውንም ድምፃቸውንም ደብቀው ወጡ።

ከጤና ኮሌጁ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ደንበኛችን ነበር። የውጭ ሙዚቃ ስለሚወድ እሱን ጠየቅኩት። ካሴቱን እስከ ግማሹ ሰማውና ልባሱን አገላበጠ።

"አላውቃቸውም፣ አዲስ ናቸው" አለ። "ዓይነቱ ግን ይገባኛል። አልተርኔቲቭ ሮክ ይሉታል።"

"ምን ማለት ነው?"

"አማራጭ።"

"የምን አማራጭ?"

"የሌላው ሮክ።"

"ሌላው ሮክ ምን ሆነ?"

"አቦ አንተ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣሁት" ብሎ ሳቀ።

"ዘፋኙ ለምን ከሥር ሆነ? ማይኩ ተበላሽቶ ነው?"

"ሆን ብለው ነው። ድምፁን እንደ አንድ ጊታር ነው የሚቆጥሩት።"

"ቃሉ እንዳይሰማ ይዘፍናል?"

"እንደዚያ በለው።"

እሱ ከሄደ በኋላ ከካሴቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ፤ ግራ የገባኝም ያኔ ነው። የማንም ካሴት ቢሆን ኖሮ የጠፋ ድምፅ መፈለግ ቀላል ነበር፤ ከዘፋኙ ሌላ የሆነውን መለየት ነው። እዚህ ግን ዘፋኙ ራሱ ተደብቋል። ከጊታሮቹ ሥር የሚያንጎራጉረው ሁሉ የእንግሊዙ ነው? ወይስ ካልጠፋው ዘፈን በታች የቀረ የሰቃው ልጅ ድምፅ አለ? አንዳንድ አሮጌ ቴፕ በላዩ ሲቀዳ የፊተኛውን ጨርሶ አያጠፋም፤ ሁለቱ ተደራርበው ይቀራሉ። ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ ቃል ቃሉን ለመያዝ ሞከርኩ። የያዝኩትን በመዝገበ ቃላት ፈለግኩ። "ቀስ" የሚል ያዝኩ፣ "ሰማያዊ" የሚል ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተመልሶ ይሰምጣል። አንድ ቦታ ላይ በኦሮምኛ "ኮቱ" ሲል፣ ና ሲል የሰማሁ መሰለኝና ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ወደ ኋላ መልሼ ስሰማው ከበሮ ነው።

በሁለተኛው ገጽ፣ ወደ መጨረሻው ባለ አንድ ዘፈን ውስጥ ግን የተለየ ነገር አለ። ጊታሮቹ በሙሉ ኃይላቸው እየወረዱ ድንገት ይቋረጣሉ። ጠቅ የሚል ትንሽ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ባዶ አይደለም፤ ወንበር ይንቋቋል፣ ራቅ ብሎ ውሃ የሚፈስ ይመስላል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው አየር ይስባል። አይናገርም። ቀስ አድርጎ ያስወጣዋል። ጠቅ። ጊታሮቹ ካቆሙበት ሳይሆን ራቅ ካለ ቦታ ይቀጥላሉ።

ልጁ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታዬን ተጠራጠርኩት። ፊቱን የሚደብቅ ባንድ፣ በራሱ ዘፈን መሀል ወንበር አስቀምጦ ቢተነፍስ ምን ያስደንቃል? ሰዓቴን ይዤ ዘፈኑን ለካሁት፤ ልባሱ ላይ ከታተመው ርዝመት ጋር እኩል ነው። ያም ምንም አልነገረኝም፤ በላዩ የተቀዳ ነገር የክሩን ርዝመት አይቀንስም፣ አይጨምርም። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት በየጆሮው ለብቻው መስማት ነው። ጊታሮቹ በግራና በቀኝ ጆሮ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ወደዚህ ሲሄድ ሌላው ወደዚያ ይሄዳል። ትንፋሹ ግን በሁለቱም ጆሮ አንድ ነው፤ በተለይ ወንበሩ። አንድ ማይክ ብቻ ባላት ርካሽ ቴፕ የተቀዳ ነገር እንደዚያ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አንድ ሰው በዚህ ዘፈን ላይ ሊናገር ጀምሮ ትቶታል። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆንኩ። ማን እንደሆነ ግን ክሩ አይናገርም።

ጋሼን አሰማኋቸው።

"የውጭ ዕቃ ሁሉ ይፈተሻል" አሉ። "የመረመረው ሰው ዘፈኑ አድክሞት ተንፍሶበት ይሆናል።"

ቀልድ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አላወጣሁትም፤ ሊሆን የማይችል ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው ለሰላት ወደ ጅማ ሲወጡ ጎራ አሉ። ያገኘሁትን ነገርኳቸው፣ ጆሮ ማዳመጫውን ከቆባቸው በላይ አጠለቅኩላቸው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ እኔ መኖሬን ረስተው ጮክ ብለው፦

"ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። ቡናው ዘንድሮ አብቧል" አሉ።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩላቸው።

"አባባ፣ አልተናገረም እኮ። መተንፈስ ብቻ ነው።"

"ሰላም ብሎኝ መልሴን እየጠበቀ ነው።"

"ሰላም አላለም።"

"በሆዱ ብሏል። ከዚያ በኋላ ወክዬሃለሁ የሚለውን የጊታሩ ጩኸት ዋጠበት።" ወደ ቴፑ እያዩ ፂማቸውን አሹ። "ጩኸቱን አንሣልኝና ከሥሩ ያለውን አሰማኝ።"

እንደማይነሣ አስረዳኋቸው። ድስት ክዳን አይደለም አልኳቸው። የገባቸው አይመስለኝም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ልጅቷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጅማ ከሚኖሩት አክስቷ ጋር መጣች፤ አክስቷ ከጋሼ ጋር ስለ ራዲዮ ዋጋ ሲከራከሩ እሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ክንዷ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

"የሰቃው ካሴት እዚህ ነው አሉኝ። እኔ ነኝ የሸቤዋ።"

ወንበሬን ለቀቅኩላት። አንድ ጊዜ ሰማችው። "ድገመው" አለች። ደገምኩት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"እሱ ነው?"

"ሰው ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም። አንቺ አታውቂውም?"

"ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አባቱ ነበሩ የሚያወሩት።" ጆሮ ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽቦውን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። "እሱ ከሆነ፣ እሺ ነው ያለው እምቢ?"

"አልተናገረም።"

"እሱን አወቅኩ። አንተ በየቀኑ ትሰማዋለህ አሉ። ምን ይመስልሃል?"

ማሰብ ነበረብኝ። ጠዋት ጠዋት ሊስማማ የፈለገ ሰው ትንፋሽ ይመስለኛል። ሥራ በዝቶብኝ ስሰማው ደግሞ እምቢ ለማለት የፈራ ሰው ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

"ወይ ጉድ" አለች፤ አልተቆጣችም። "ከሰቃ እስከ ሸቤ ሰው ሁሉ ይሄን ክር ይጠይቃል። ምዝገባው ሊዘጋ ነው።"

አክስቷ ከውጭ ጠሯትና ሄደች። እሷንስ ፈቃዷን የጠየቃት ሰው እንዳለ እኔም ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በገበያው ቀን ቴፑን ከነባትሪ ድንጋዩ ጠቅልዬ ከሽማግሌው ጋር በአውቶቡስ ተሳፈርን። ከሰቃ አልፈን፣ የኮንትሮባንድ ቡና የሚፈተሽበት ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ አስቆሙን። ወደ ጅማ የሚመለሰውን ነው አጥብቀው የሚፈትሹት፤ ግን የእኔ ጥቅል ትልቅ ስለነበር አንዱ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ፍታ አለኝ።

"ቴፕ ነው።"

"ቡና የሞላ ቴፕ አይተናል። አጫውተው።"

ካሴቱ ውስጡ ነበር። ተጫንኩት። ጊታሮቹ በአውቶቡሱ መስኮት ወጥተው ኬላውን ሞሉት። ጠባቂው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

"ተበላሽቷል ይሄ።"

"አልተበላሸም። እንደዚህ ነው።"

"ማን ነው እንደዚህ ያደረገው?"

"እንግሊዞች።"

"ለምን?"

"አላውቅም።"

ጓደኛውን ዞሮ አየው። ከኋላ ወንበር አንዲት ቅቤ የያዙ ሴትዮ "በአላህ፣ ዝጋውና እንሂድ፣ ቅቤዬ ቀለጠ" አሉ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ጠባቂውም ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዙሮ በእጁ እለፉ አለን።

ሸቤ የልጅቷ አባት ቤት ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሼኹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ አጠገባቸው የሰቃው ሽማግሌ፣ ትይዩ የልጅቷ አባት፣ ሌሎችም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በምንጣፉ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በመጋረጃ በተከለለው ጓዳ ውስጥ ናቸው። ቴፑን መሀል ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደሚሰሙ አስቀድሜ ተናገርኩ፦ ሰው ሊናገር ጀምሮ ትቷል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ቃል የለበትም። ከዚያ ያቺን ቦታ አሰማኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቴፑ ጠጋ አሉ። ደገምኩት።

"ያ የሚንቋቋው ምንድን ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ወንበር ነው።"

"ወንበሩ ይናገራል፣ እሱ አይናገርም።"

"ልጄ ነው" አሉ የሰቃው ሰው። "ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከመናገሩ በፊት እንደዚህ ነው።"

ከወደ በሩ በኩል የተቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል የያዙ ቀልደኛ የሚመስሉ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰቃው ወገን ናቸው።

"ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጃገረድ ለኒካሕ ስትጠየቅ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ ነው አይደል?"

"ነው።"

"ወንዱስ? ይኸው ተጠየቀ፣ ይኸው ዝም አለ። ለምን እሺ አለ አንልም?"

ሳሎኑ ተንጫጫ። አንዱ ይሆናል ይላል፣ አንዱ በካሴት የተደረገ ዝምታ ዝምታ አይባልም ይላል። ወደ እኔ ዞረው "ይሄ ዝምታ ነው ወይስ ጠፍቶ ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ባላውቅም ትንፋሹ መኖሩን ግን አውቃለሁ አልኩ። "ትንፋሽ ካለ ዝምታ ነው" አሉ ባለምርኩዙ፣ ያሸነፉ መስሏቸው። ለአፍታ እኔም ልክ ናቸው ብዬ አመንኩ።

ሼኹ እጃቸውን አነሡ።

"ለሴት ልጅ የተፈቀደው ስለምታፍር ነው። ወንድ ልጅ ምን ያሳፍረዋል?"

"ይሄኛው ያፍራል" አሉ ባለምርኩዙ።

"ጀርመን ተቀምጦም?"

"እዚያ ብሶበት ይሆናል። ዘፈኑን አልሰማችሁም?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሼኹም ፈገግ ካሉ በኋላ ውክልና በራሱ በልጁ አንደበት መነገር እንዳለበት፣ በዚህ ካሴት ኒካሕ እንደማያስሩ ነገሯቸው። የሰቃው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ የልጅቷ አባት አዘኑላቸው መሰለኝ፣ መፍትሔ አመጡ።

"ቢያንስ የእሷን እሺታ ዛሬ እንያዝ። እሷ ከተስማማች እኛ ሌላ ካሴት እስኪመጣ እንጠብቃለን። ማሠልጠኛው ይቀራል።"

ሁሉም ደስ አላቸው፤ ቢያንስ አንድ ነገር ተጨብጦ ሊኬድ ነው። ታላቅ ወንድሟ ወደ ጓዳው በር ተጠግቶ በመጋረጃው በኩል ጠየቃት። ሽማግሌዎቹ ድምፅ አጠፉ። ምን እንደሚጠብቁ ሁሉም ያውቃል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ምንም ካልተሰማ ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም ሳላስበው እጄ የቴፑ ማቆሚያ ላይ ነበር።

መጋረጃው ተገለጠና ራሷ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ከኋላ ቀሚሷን ይዘዋል።

"አባባ፣ ዝም አልልም" አለች። "ዝም ካልኩ እሺ አለች ትላላችሁ። ማሠልጠኛ መግባት ነው የምፈልገው። ኒካሁን አልፈልግም። ሌላ ካሴትም ቢመጣ አልፈልግም።"

አባቷ ወደ ሼኹ አዩ። ሼኹም "ሰማን" አሉ። "ጠየቅናት፣ መለሰች። ከዚህ በላይ የምንሰማው የለም።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ባለምርኩዙ፣ "ቢያንስ አንድ ሰው ያለ ቴፕ ተናገረ።"

አባቷ አልሳቁም፤ ግን አልተነሡባትም። እናቷ ቀሚሷን ለቀቁት። የሰቃው ሽማግሌ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ የተቆጡ አልመሰለኝም፣ አንድ ሰው አንድን ነገር በግልጽ ሲናገር መስማት የናፈቃቸው ነው የመሰሉኝ። "መንገድሽን ያቅናልሽ" አሏት በኦሮምኛ። እሷም ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ካሴቱን እጃቸው ላይ ይዘው ነበር። ሰቃ ሊደርሱ ሲሉ "እሱስ ምን ሊል ነበር?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። "እኔም" አሉ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ሱቅ መጡና ለልጃቸው መልስ መቅዳት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ልጅቷ ተመዝግባ መሄዷን ሊነግሩት ነው። ባዶ ካሴት ስላልነበረኝ የእንግሊዞቹን አንሥቼ በዚሁ ላይ ይናገሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ቀዳዳዎቹ እንደተጠቀጠቁ ናቸው።

"በዚህ ላይ አይሆንም" አሉ። "ይሄን እመልስለታለሁ። እኔ ዘንድ ቢመጣም የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው። ሊናገርበት ጀምሮ የተወው ዘፈኑን ማጥፋት አሳዝኖት ቢሆንስ?"

ይሄ ከሁላችን ለአንዳችንም ያልመጣልን ሐሳብ ነበር። ከሽማግሌዎቹ፣ ከጋሼ፣ ከኮሌጁ ልጅ፣ ከእኔ፣ ያ ልጅ ይህን ነገር ወዶት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ በካሴቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስፈልግ አንድም ቀን እንደ ዘፈን ሰምቼው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

ከጋሼ መደርደሪያ አንድ ያረጀ ካሴት ወስጄ የሽማግሌውን ቃል ቀዳሁላቸው። አጭር ነበር፤ እናትህ ደህና ናት፣ ልጅቷ ትምህርቷን ልትቀጥል ሄዳለች፣ እኛም ደህና ነን፣ አትፈር ጻፍልን። ሁለቱን ካሴቶች በአንድ ጥቅል ማሰር ጀመርኩ።

"ቆይ" አሉኝ። "ከመሄዱ በፊት ከመጀመሪያው እንስማው።"

በርጩማው ላይ ተመቻቹ። አጫወትኩት። ጊታሮቹ ወረዱ፣ ዘፋኙ ከሥር ሆኖ አንጎራጎረ። ምንም አልገባንም። ለጆሯቸው እንዳይከብድ ብዬ ድምፁን ቀነስኩ።

"ተው" አሉኝ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ቴፑ እያዩ። "ልጄ በሚያዳምጥበት መጠን አድርገው።"